አበበን ብቻውን ያስሮጠው ፊልም

ስለ አበበ ቢቂላ ፊልም ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ ልቡ የሚሄደው ወደ ሮም ነው። በባዶ እግሩ የሚሮጥ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ችቦ ያበሩ የጣሊያን ወታደሮች፣ ከሀገሩ ተነቅሎ በባዕድ አደባባይ የቆመ የአክሱም ሐውልት፣ ከሐውልቱ አለፍ ብሎ ደግሞ የቆስጠንጢኖስ ቅስት። ድሉ የተገኘበት ቀን እንኳ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ታሪክ ራሱ እንዲህ አሰናድቶ ያስቀመጠውን ትዕይንት አግኝቶ የፊልሙ መደምደሚያ የማያደርግ ዳይሬክተር ብርቅ ነው።

ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ለዕይታ ያበቁት «አትሌቱ» ሮምን ትዝታ አድርጎ ከኋላ ያስቀምጠዋል። ፊልሙ አበበን የሚያገኘው ሮምም፣ ቶኪዮም፣ ሜክሲኮ ላይ ያቋረጠው ሩጫም ካለፉ በኋላ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ አንድ ሰው መኪናውን ይዞ በተራራማ የገጠር መንገድ ይነዳል። ጭብጨባ የለም፣ ሕዝብ የለም። ይህ ምርጫ የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ነው። ፊልሙን የማመሰግነውም የምወቅሰውም ከዚሁ ምርጫ ተነሥቼ ነው።

አስቀድሜ ከየት ሆኜ እንዳየሁት ልናገር። የምኖረው ለገዳዲ ነው። ከአዲስ አበባ በለገጣፎ ወጥቶ፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አቋርጦ ደብረ ብርሃን የሚገባው አስፋልት በደጃችን ያልፋል። አበበ የተወለደባት ጃቶ በዚሁ አቅጣጫ በሰሜን ሸዋ የምትገኝ ናት። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን የተገለበጠችውም ሸኖ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ፊልሙን ያየሁት እንግዲህ እንደ አትሌቲክስ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን እንደ መንገዱ ጎረቤትም ነው። ይህ ጉርብትና ፍርዴን ያዳላው ይሆናል፤ አንባቢ ይህን አውቆ ይከተለኝ።

«አትሌቱ»ን ራሴላስ ከፍራንክል ጋር ዳይሬክት ከማድረጉም በላይ አበበን ሆኖ የተወነው እሱ ነው። ፊልሙ ለ83ኛው የኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኢትዮጵያን ወክሎ ቀርቧል፤ ሀገራችን በዚህ ዘርፍ ፊልም ስታቀርብ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። የመጀመሪያው ተወካያችን ስለ ሯጭ የሚናገር መሆኑ አያስገርምም። ዓለም በደግ ካወቀን ነገር ሁሉ ሩጫ ግንባር ቀደሙ ነውና።

የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል መንገድ ነው። አበበ ይነዳል፤ አንድ ቄስ አሳፍሮ ይጨዋወታል፤ በመካከሉ ትዝታው ወደ ውድድሮቹ ይመልሰዋል። ነገሩን እጅግ የወደድኩለት ዝምታው ስለማያስፈራው ነው። ስለ ስፖርት በተሠሩ ፊልሞች የለመድነው ሙዚቃው ከፍ ሲል፣ ተናጋሪው ሲጮኽ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ሲነሣ ነው። እዚህ ግን ከመስኮቱ ውጭ ተራራው ያልፋል፣ የሰውየው ፊት አይለወጥም፣ እኛም ምን እያሰበ ይሆን እያልን አብረነው እንሄዳለን። አበበን የሚያውቁ ሁሉ ዝምተኛ ነበር ይላሉ። ዝምተኛን ሰው በንግግር ብዛት ለማስረዳት አለመሞከሩ የፊልሙ ብስለት ነው።

ትልልቆቹን ውድድሮች በአብዛኛው ለእውነተኛው የዘመኑ ፊልም ትቶለታል። ይህም ትክክል ነው። ሩጫ አይተወንም። ተዋናይ ንጉሥ መሆን ይችላል፣ አርበኛ መሆን ይችላል፣ ሰካራም መሆን ይችላል፤ የማራቶን ሯጭ እርምጃ ግን ከዓመታት ልምምድ ውጭ ከየትም አይመጣም። እኛ የአትሌቲክስ ተመልካቾች ደግሞ በዚህ ረገድ ክፉ ነን። ኃይሌ ግራ እጁን ደብተር እንደያዘ ተማሪ አጠፍ አድርጎ ሲሮጥ፣ ቀነኒሳ በመጨረሻው ዙር እግሩን ሲለውጥ፣ ጥሩነሽ ደወል ሲደወል ስትፈተለክ፣ ፊታቸውን ሳናይ ከሩቁ እንለያቸዋለን። ራሴላስ በሩጫ ልብስ ብዙ ቢታይ ኖሮ ፊልሙ በእጃችን ላይ ይሞት ነበር። መኪና ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስናየው ግን እናምነዋለን።

በእነዚያ የዘመኑ ምስሎች ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ይገባዋል። ሮም ላይ ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነበር፤ የተጠናቀቀው በጨለማ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ። እስከዚያ ቀን ከታወቁት የማራቶን ሰዓቶች ፈጣኑ የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1958 ያስመዘገበው ነበርና፣ አበበ እሱን በአንድ ሰከንድ የማይሞላ ልዩነት አሻሻለው። እስከ መጨረሻው አብሮት የዘለቀው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሁለተኛ ወጣ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ሐውልቱን አይተው ነበር፤ አበበም አምልጦ የሄደው እዚያው አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ ሐውልት ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከአበበ ድል አርባ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ሰውየው መመለሱን ሳያይ ሞተ።

የቶኪዮው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አርባ ቀን ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ቤዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከዚያ በፊት የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ኋለኞቹ ስታዲየም እስኪደርሱ አበበ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የጃፓኑ ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ በኦሎምፒኩ ላይ በሠራው ዝነኛ ዘጋቢ ፊልም የአበበን ፊት አቅርቦ፣ አዝግሞ ያሳያል። እዚያ ፊት ላይ ሥቃይም ደስታም አይነበብም። «አትሌቱ»ን ከኢቺካዋ ሥራ ጎን አስቀምጬ ስመዝነው፣ ኢቺካዋ በጥቂት ደቂቃ ያገኘውን ነገር የኛው ፊልም በሌላ መንገድ እንደፈለገው ይገባኛል። ኢቺካዋ ያ ፊት ሲሮጥ ምን እንደሚመስል አሳየን። ራሴላስ የጠየቀው ያ ፊት መሮጥ ሲቀር ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ከኢቺካዋ ጥያቄ የሚያንስ አይደለም።

አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ልጁ ጽጌ አበበ በጻፈችው መጽሐፍ፣ በፍጥነት ከፊቱ የመጣ መኪና ሊሸሽ ሲል እንደሆነ አባቷ የተናገረውን አስፍራለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቲም ጁዳ ጠጥቶ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ፣ እውነቱን አረጋግጦ መናገር ግን አስቸጋሪ ነው ይላል። ፊልሙን በዚህ ክርክር መመዘን አልፈልግም። ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ አበበ መኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ፣ ሰው አግኝቶ ያወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። መንገዳችን ላይ አንድ ሙሉ ሌሊት። ጀግናችን በዚያ ሌሊት ብቻውን ነበር። ፊልሙ ብቸኝነትን ዋና ጉዳዩ ማድረጉ ከዚህ እውነት የተነሣ ከሆነ መሠረት አለው።

ሁለተኛው ክፍል እንግሊዝ ሀገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል ለአትሌቲክስ ወዳጅ ተራ ስም አይደለም። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 በጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን በቀስት ውርወራ ያወዳደረው እዚያ ነው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ግቢ ወጣ። አበበ ሲገባ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም ነበር። ስምንት ወር ያህል ታክሞ እጆቹን መለሰ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በዚያው ስም በሚጠራው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ።

በዚህ ክፍል ፊልሙ ይሻላልም ይብሳልም። የሚሻለው አበበን የሚያስለቅስ ሰው ስላላደረገው ነው። ለአካል ጉዳተኛ ማዘን ቀላል ነው፤ ተወዳዳሪ አድርጎ ማየት ግን ይከብዳል። ራሴላስ ቀስቱን ሲያነሣ የማየው ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው የሮሙ ሯጭ ነው፣ መሣሪያው ብቻ ተቀይሯል። የሚብሰው ደግሞ ንግግሩ ላይ ነው። የመንገዱ ክፍል በዝምታ የነገረንን ነገር የሆስፒታሉ ክፍል በቃል ሊያስረዳ ይሞክራል። ሩታ ጌድሚንታስ የተወነቻት ነርስ ደግ ናት፣ ትወናዋም መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ አበበን ለተመልካቹ ለማብራራት የገባች ትመስላለች። አበበ ለኛ መብራራት አያስፈልገውም። ፊልሙ ለማን እንደሚናገር መጠራጠር የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አበበ ሚስት ነበረችው፤ የውብዳር ወልደጊዮርጊስ። አራት ልጆች ነበሩት። ከአደጋው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የኖረው ከነሱ ጋር ነው። በፊልሙ ሰፊ ቦታ የተሰጣት ሴት ግን እንግሊዛዊቷ ነርስ ናት። ድርሰት ነው፣ መምረጥ መብቱ ነው ይባል ይሆናል። እኔ የምለው ይህ ምርጫ ፊልሙን አደኸየው ነው። በየቀኑ የሚያገላብጡት፣ የሚመግቡት፣ እንግዳ ሲመጣ ነጠላውን የሚያስተካክሉለት የቤቱ ሰዎች በነበሩበት ታሪክ ውስጥ፣ ትልቁን ርኅራኄ ለባዕድ እጅ መስጠት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ጎደሎ ሆኖ ይሰማዋል።

ከዚያ ኖርዌይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 አበበ በእንግድነት በተጋበዘበት የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ሠረገላ ተሰልፎ ዐሥራ ስድስት ተወዳዳሪ ባሉበት አንደኛ ወጣ፤ ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። ይህን ታሪክ ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቀውም። በትምህርት ቤት የተማርነው አበበ ሮም ላይ ይጀምራል፣ ቶኪዮ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በአንዲት ዐረፍተ ነገር መኪና ይገለበጥና ይሞታል። «አትሌቱ» ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ዘርግቶ ሰው አደረጋት። በነጭ በረዶ ላይ ውሾቹን እየነዳ የሚሄደውን ሰው ሳይ ደረቴ ሞቋል፤ በየትኛውም የሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ላይ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ፊልሙ ለዚህ ክፍል ብቻ ሲባል እንኳ መታየት አለበት።

ወቀሳዬ ግን ይቀጥላል፤ ዋናው ገና ነው። ይህ ፊልም አበበን ብቻውን አስሮጦታል።

በለገዳዲ ማልዶ የሚነሣ ሰው የሚያየውን ላስረዳ። ገና ሳይነጋ አውቶቡስና ሚኒባስ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ ወደ ሰንዳፋ ያልፋሉ፤ ውስጣቸው በጃኬት የተጠቀለሉ ሯጮች አሉ። አንድ ቀን አስፋልት ነው፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን ጫካ። በሌላው የከተማው ጠርዝ ደግሞ ሱሉልታ ሜዳው ላይ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፉ መካከል ሌሎች ቡድኖች አሉ። ሁሉም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። የሚሮጡት በሰልፍ ነው፤ ፊተኛው ፔሱን ይይዛል፣ ኋለኞቹ የፊተኛውን እግር እያዩ ይከተላሉ፣ ተራው ሲደርስ ሌላው ይወጣል። አሠልጣኙ በመኪና ከጎን ሆኖ ሰዓት ይይዛል፣ ውኃ ያቀብላል። ከመካከላቸው ኮንዲሽኑ የወረደ ካለ ሌሎቹ ከነፋስ ይጋርዱታል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፤ ግን እሱን የሚያይ ሯጭ ሁሉ ወይ ጉዳት ላይ ነው፣ ወይ ለጤናው ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር በስታዲየም ብቻ የሚያይ ተመልካች አያውቀውም። እኛ በመንገድ ዳር ስላለን እናውቀዋለን።

አበበም ከዚህ ውጭ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ የሠለጠነውም ስዊድናዊው ኒስካነን ካሰባሰባቸው ወታደር ሯጮች ጋር ነው። ሮም ላይ በማራቶኑ የተሰለፈው ኢትዮጵያዊ እሱ ብቻ አልነበረም፤ አበበ ዋቅጅራ አብሮት ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በታመመ እግሩ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሲያቋርጥ፣ ወርቁን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። የአንዱ መውደቅና የሌላው መነሣት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ከሰዓት የሆነ ነገር ነው። ለፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? «አትሌቱ» ግን በሜክሲኮ የሚያየው የአበበን ሽንፈት ነው። እኔ ሜክሲኮን ሳስብ ሽንፈት አይታየኝም። ሦስት ኦሎምፒክ፣ ሦስት የማራቶን ወርቅ፣ አንድ ቡድን ነው የሚታየኝ።

ይህ ልማድ ከአበበ ዘመን በኋላም ቀጥሏል። ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ሆኖ ከኋላው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ያየነውን ደግሞ ማን ይረሳል? ኃይሌ በጉዳት ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዘወር እያሉ አዩት፤ ፍጥነታቸውን አቀዝቅዘው ጠበቁት። ማሸነፍ ያለባቸው ሰዎች በኦሎምፒክ ፍጻሜ ታላቃቸውን ሲጠብቁ! ኋላ እሱ እንደማይችል ሲታወቅ ሄዱ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጡ። የውጭ ሀገር ተንታኞች በታክቲክ ሊያስረዱት ሞከሩ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥነው ግን ማንም ሳያስረዳን ገባን፤ አረንጓዴው ጎርፍ የምንለው ይህንኑ ነው። አንድ ጠብታ ጎርፍ አይባልም።

የምዕራቡ ሲኒማ ሯጭን ብቸኛ አድርጎ ማየት ይወዳል። ሰው ከራሱ ጋር ሲታገል፣ ራሱን ሲያሸንፍ፣ ራሱን ሲያገኝ። «አትሌቱ» ይህን ዓይን ሳያስበው የተዋሰ ይመስለኛል። አበበ በሽተኛ ሆኖ ብቻውን መሆኑ እውነት ነው፤ ሯጭ ሆኖ ብቻውን ነበር የሚለው ግን እውነት አይደለም። ፊልሙ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ቢለያያቸው ኖሮ የአደጋው ሌሊት ይበልጥ ባስፈራን፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከሰው መካከል የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የቀረበት ሌሊት ይሆን ነበር።

በዚህ ረገድ ስለ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ከተሠሩ ሌሎች ሁለት ፊልሞች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ኢንዱራንስ» ሌስሊ ውድሄድ ዳይሬክት አድርጎታል፤ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይተውናል፣ ልጅነቱን የዘመዱ ልጅ ይጫወታል። የአሰላን አገር በሚያምር ብርሃን ያሳያል፤ የእናት ሞት፣ የአባት ቁጣ፣ የውኃ መቅዳት ድካም ሁሉ አለበት። ነገር ግን ሁሉም ወደ አትላንታው 10,000 ሜትር ወርቅ የሚወስድ ቁልቁለት ነው፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ መጨረሻውን እናውቃለን። ጄሪ ሮትዌል እ.ኤ.አ. በ2012 በቆጂ ላይ የሠራው ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦፍ ራነርስ» ደግሞ ትሑት ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከሚያሠለጥኗቸው ታዳጊዎች ሁለት ልጃገረዶችን ተከትሎ፣ ደራርቱንና ጥሩነሽን ባፈራች ከተማ ውስጥ ሻምፒዮን ለመሆን መጣጣር በተራ ቀን ምን እንደሚመስል ያሳየናል። ለኔ በሰው ዕውቀት ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው። በጥበብ ግን «አትሌቱ» ይበልጣል። ቡድኑን ያየው የሮትዌል ፊልም ነው፣ ጥልቀቱን ያየው የራሴላስ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «አትሌቱ» አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ኖርዌይኛ ይሰማበታል። አበበ የተወለደው ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው፤ ልጅነቱን ያሳለፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኛ ሰፈር፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ብትሄዱ ሯጮች በሁለቱም ቋንቋ እየተቀላለዱ ሲያፍታቱ ትሰማላችሁ። በትዝታው ወደ ልጅነቱ የሚመለስ አበበ በእናቱ ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ቢል ፊልሙ ምን ያህል በከበረ! ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ የተሟላ አበበን ማየት ስለምናፍቅ ነው።

ታሪክ ላይም ጥድፊያ አለበት። አበበ ከሮም በተመለሰ በሦስት ወሩ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ፤ እሱም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ነበር። መኪናዋንም የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። አንድ ወታደር በጌቶቹና በጓዶቹ መካከል የቆመበት ያ ጊዜ ለዝምታው ምክንያት ሊሆን ይችል እንደሆነ ፊልሙ ቢጠይቅ ደስ ባለኝ። የማሞ ወልዴ ኋለኛ ዕጣም፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ በ1994 ዓ.ም. ከእስር ወጥቶ በዚያው ዓመት ማረፉ፣ የራሱ ፊልም የሚገባው ነው። የኛ ሯጮች የሮጡት ከሀገራቸው ታሪክ ውጭ ባለ መም ላይ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ፍርዴ ግልጽ ይሁን። «አትሌቱ» ስለ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በተውኔት መልክ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የላቀው ነው። ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ያየነውን ሰው ሕዝብ ከተበተነ በኋላ ተከትሎታል፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሥራ አላውቅም። ጉድለቶቹም የትልቅ ሥራ ጉድለቶች ናቸው፤ ትንሽ ሥራ እንዲህ አያከራክርም። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀብሩ ላይ ወጥቷል፤ ዛሬም ቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ነው ያለው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሸኘውን ሰው ከሮም ባሻገር ማወቅ የሚፈልግ ይህን ፊልም ይመልከተው።

ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ልለምናችሁ። የሚቀጥለውን ሥራ ከቡድኑ ጀምሩት። ሴቶቹን አትርሱ፤ ከደራርቱ ቱሉ የባርሴሎና 10,000 ሜትር እስከ ትግስት አሰፋ የበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ድረስ ላለው ታሪክ የሚመጥን አንድም ፊልም አላየሁም። ፓሪስ ላይ ከተጠባባቂነት ተጠርቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት ቶላ ያለ ቡድን አይነገርም። ከሁሉ በፊት ግን ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ አረጋውያኑ ሂዱ። ከአበበና ከማሞ ጋር ያገለገሉ፣ አብረዋቸው የሮጡ፣ ጫማቸውን የያዙላቸው ሰዎች በየዓመቱ እያለቁብን ነው። ኒስካነን የለም፣ ማሞ የለም። የቀሩትን ዛሬ ቅረጿቸው።